የሌለው አይመሰክርም፦ ስለ ጥቃቅን ጢማም ዓሦችና ስለ አዲስ ወገን

(ይህ ጽሑፍ በጅማ ከተማ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለዓሣ አስጋሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከአፍ ወደ ወረቀት ሲመጣ ያረምኩት ጥቂት ብቻ ነው።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ከግልገል ጊቤ ሐይቅ ዳር መረባችሁን ሰብስባችሁ የመጣችሁ አስጋሪዎች፤ እንደምን አመሻችሁ? አካም ጅርቱ? ዝናቡን ሳትፈሩ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በጅማ ክረምት አዳራሽ መሙላት ቀላል ነገር አይደለም፤ ደግሞም ለዓሣ አጥንት!

ዛሬ የምነግራችሁ ከአውራ ጣቴ የመጨረሻ አንጓ እምብዛም ስለማይረዝሙ ዓሦች ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ ዓሣ በእጃችን ቢገባ፣ ከዚህ በፊት ማንም ያልሰየመው አዲስ ወገን መሆኑን በምን እናውቃለን? ጥያቄው ይኸው ብቻ ነው። ሦስት ነገር እናገራለሁ። መጀመሪያ ወገን ሲባል ምን ማለት እንደሆነ፣ ቀጥሎ አጥንቱን እንዴት እንደምናየው፣ በመጨረሻም ትንሽ ዓሣ እንዴት እንደሚያታልል። ሦስተኛው ዋናው ነው፤ እኔም ተታልዬበታለሁና እዚያ ላይ ብቆይ ታገሡኝ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኳትን ጠርሙስ የምታዩ ሰዎች ምንነቷን ለማወቅ እንደጓጓችሁ ይገባኛል። መጨረሻ ላይ በእጃችሁ ትዞራለች።

አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም፤ ዓመተ ምሕረት ስጠራ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እንግዲህ ወገን ምንድን ነው? በዓሣው ከመጀመር ከጓሯችን ብንጀምር ይሻላል። እንሰትን ከሙዝ የማይለይ የዚህ አገር ልጅ አለ? የለም። ሩቅ አገር ተቀምጦ የደረቀ ቅጠል ለሚያይ ሰው ግን ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ሳይንሱም ለረጅም ጊዜ እንሰትን ሙሳ በሚባለው በሙዝ ወገን ውስጥ መዝግቦት ኖሯል። በ1947 ቺዝማን የተባለው የዕፅዋት ተመራማሪ፣ ቀድሞ ቀርቦ ተረስቶ የነበረውን ኤንሴቴ የሚለውን ወገን አንሥቶ እንሰትን ከሙዝ ለየው። ለምን? የእንሰት ፍሬ ውስጥ ያለው ዘር ትልቅና ጠንካራ ነው፤ ግንዱ ከሥር ያብጣል፤ ሙዝ ከጎኑ ልጆቹን ሲያወጣ እንሰት ግን እናቶቻችን ሥሩን ቆርጠው ካልቀበሩት በስተቀር በራሱ ጊዜ ልጅ አያወጣም። አያችሁ? እናቶቻችን የሚያውቁት ነገር ነው በኋላ ወገን የለየው።

ከዚህ የምንማረው ወገን ማለት እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ነገሮች የታጨቁበት ጆንያ አለመሆኑን ነው። ወገን ከአንድ አባት የወረዱ ዝርያዎች ስብስብ ነው፤ ማስረጃውም ያ አባት ያፈራው፣ ልጆቹ ሁሉ የወረሱት፣ ሌላው ዘመድ ግን የሌለው አዲስ ነገር ነው። አረቢካና ሮቡስታ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ሆነው ኮፊያ በሚባል በአንድ ወገን የሚጠሩት ስለዚህ ነው። ጥንቃቄም አለበት። አንዱን ዝርያ ቆርጠን አዲስ ወገን ብንለው፣ ቆርጠን ከተውነው ውስጥ ግማሹ ለቀሪው ሳይሆን ለወጣው ይበልጥ የሚዛመድ ከሆነ ቤተሰብ አፈረስን እንጂ ወገን አልለየንም። አዲስ ወገን ለማቆም የአዲሱን መለየት ብቻ ሳይሆን የነባሩንም አንድነት ማሳየት ግዴታ ነው። ብዙ ችኩል ሰዎች የሚረሱት ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ነው።

አሁን ወደ ዓሦቻችን እንምጣ። አምባዛን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቆሮሶና ቢልጫ ቅርፊት አላቸው፤ አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ አፉ ዙሪያ ጢም አለው፤ የጎኑ ክንፍ እሾህ ይዟል፤ አስጋሪ ሲይዘው ያን እሾህ ገትሮ ይቆልፈዋል። በእሾህ የተወጋ ሰው ካለ ምስክርነቱን ይስጥ! ከፊት ረድፍ እጅ ሲወጣ አያለሁ፤ አይዞህ ወንድሜ። በዓለም ላይ የአምባዛ ዘመዶች ከ3,000 ዝርያ በላይ ናቸው። እኔ ዛሬ በሙሉ ጢማም ዓሦች እያልኩ እጠራቸዋለሁ፤ አምባዛ የሚለውን ስም ለራሱ ለአምባዛ ልተውለት።

ጢማም ዓሣን ጢማም ዓሣ የሚያሰኘው ግን ጢሙ አይደለም። ሌላም ዓሣ ጢም አለው፤ ቢልጫን አፉን ከፍታችሁ እዩት። ዋናው ከውስጥ ነው። የላይኛው መንጋጋ አጥንት አንሶ የጢሙ መትከያ ሆኗል፤ በሌሎች ዓሦች ላይ የምናገኛቸው አንዳንድ የራስ ቅልና የስንጥብ ክዳን አጥንቶች የሉም፤ ከራስ ቅሉ ኋላ ያሉት የጀርባ አንጓዎች ተጋጥመው አንድ ትልቅ አጥንት ሆነዋል። በዚያ አጥንት ጎንና ጎን የአየር ከረጢቱን ከውስጠኛው ጆሮ ጋር የሚያገናኙ ደቃቅ አጥንቶች ተሰድረዋል። በ1820 ኤርንስት ሃይንሪሽ ዌበር እነዚህን ሲያይ በእኛ ጆሮ ውስጥ ካሉት ከመዶሻ፣ ከሰንዳንና ከእርካብ ጋር አመሳሰላቸው። ማመሳሰሉ ስሕተት ነበር፤ የዓሣው ከጀርባ አጥንት የወጡ ናቸው። ስሙ ግን ቀርቶለት እስከ ዛሬ የዌበር መሣሪያ እንላቸዋለን። ቆሮሶ ይህ የለውም፤ ቢልጫና አምባዛ አላቸው። ውሃ ውስጥ የሚሰማ ማንኛውም ድምፅ ከረጢቱን ያርገበግባል፤ አጥንቶቹ ያንን ወደ ጆሮ ያቀብላሉ። አስጋሪዎች ሆይ፣ ታንኳ ላይ ስትጮኹ አምባዛው ይሰማችኋል!

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሻገር። ሁለት ሳንቲ ሜትር የሆነ ዓሣ አጥንቱ እንዴት ይታያል? በቢላዋ ብትነኩት ያልቃል። ሊቃውንቱ ያገኙት ዘዴ ሥጋውን መቁረጥ ሳይሆን ሥጋውን መስተዋት ማድረግ ነው። ዓሣው መጀመሪያ በፎርማሊን ይጸናል፤ ከዚያ ይታጠባል። አልሺያን ብሉ የተባለ ቀለም ልም አጥንቱን፣ ማለትም እንደ ጆሯችን ቅጠል የሚተጣጠፈውን ለስላሳ አጥንት፣ ሰማያዊ ያደርገዋል። ቀጥሎ ትሪፕሲን፣ ማለትም ከቆሽት የሚገኘው ሥጋ የሚፈጭ ንጥረ ነገር፣ ቦራክስ በሟሟበት ውሃ ውስጥ ተጨምሮ ሥጋውን ቀስ በቀስ ያሳሳዋል። ከዚያ አሊዛሪን የተባለው ቀይ ቀለም አጥንቱን ያቀላዋል። በመጨረሻ ዓሣው ግሊሰሪን ውስጥ ይገባል፤ ሥጋው እንደ መስተዋት ጠርቶ፣ ቀዩ አጥንትና ሰማያዊው ልም አጥንት በየቦታቸው ተንሳፍፈው ይታያሉ። ውበቱን በቃል መግለጽ አልችልም። በአንድ ዓሣ ላይ ብዙ ቀን፣ አንዳንዴም ብዙ ሳምንት ይፈጃል።

እኔ ይህን የተማርኩት በተማሪነቴ ነው፤ ቤተ ሙከራው ቦታ ስላልነበረው ጥቂት ጠርሙሶችን ወደ ተከራየሁበት ክፍል ወሰድኩ። ማድረግ የማይገባ ነገር ነበር፤ ተማሪዎች እንዳትደግሙት፤ ፎርማሊን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። አከራዬ የነበሩት እናት አንድ ቀን በሩን ከፍተው ሽታው ሲቀበላቸው መቀነታቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይሄ የሚበላ ዓሣ ነው ወይስ የሚገነዝ?» አሉኝ። ወቅቱ ጾም ነበር፤ ዓሣ ያበላኛል ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም። በማግስቱ ጠርሙሶቼን ተሸክሜ ወደ ግቢ ተመለስኩ።

ዛሬ ሌላ መንገድ ተጨምሯል። እንደ ሆስፒታሉ ሲቲ ስካን ያለ፣ ግን እጅግ ደቃቅ ነገር የሚያይ የራጅ መሣሪያ ዓሣውን ሳይነካ ከየአቅጣጫው ያነሣዋል፤ ኮምፒውተሩም አጥንቱን እየነጠለ ያሳያል። አንድ ብቻ የተገኘን ናሙና በቀለምና በትሪፕሲን ማሟሟት የማይደፍር ሰው ለዚህ ምስጋና ያቀርባል። ሁለቱ ግን አይተካኩም፤ ልም አጥንትን ለማየት ሰማያዊው ቀለም አሁንም የተሻለ ነው። እኔ ሽማግሌ ስለሆንኩ ይሆናል ቀለሙን የማደላው።

አሁን ዋናው። ትንሽ ዓሣ ለምን ያታልላል?

በ1988 ዊትስማንና ቫሪ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በደቡብ አሜሪካ ወንዞችና ሐይቆች ያሉትን ድንክ ዓሦች መርምረው፣ አድገው ጨርሰው 26 ሚሊ ሜትር የማይሞሉትን ድንክ አሏቸው፤ በዚያን ጊዜ 85 ዝርያ ቆጠሩ። እነዚህ ዓሦች ድንክ የሆኑት አብዛኛውን ጊዜ ዕድገታቸውን አቋርጠው በልጅነት መልክ በመጎልመሳቸው ነው። እንቁላል ይጥላሉ፣ ይራባሉ፤ አካላቸው ግን የጫጩት ነው። አጥንት በአንድ ቀን አይበቅልም፤ ቀድሞ የሚጠነክር አለ፣ ዘግይቶ የሚጠነክር አለ። ዕድገት ሲቋረጥ ዘግይተው የሚመጡት አጥንቶች ሳይመጡ ይቀራሉ። የጎን ስሜት መስመር ያጥራል፤ የራስ ቅሉ ጣራ ሳይዘጋ ይቀራል፤ ከጢሙ ይቀነሳል፤ ከክንፉ ዘንግ ይቀነሳል።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ዓሣ በብራዚል፣ ሌላው በኮንጎ፣ ሌላው በሕንድ በየራሳቸው መንገድ ድንክ ቢሆኑ ሦስቱም የሚያጡት ያንኑ ነው። ታዲያ በጎደላቸው ብቻ ብናዛምዳቸው ምን እናደርጋለን? ባዕዳንን ወንድማማች እናደርጋለን። ጥርሳቸውን የጨረሱ ሦስት ሽማግሌዎች አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ብታዩ ወንድማማቾች ናቸው ትላላችሁ? አትሉም። ሦስቱም ስድስት ስድስት ጣት ቢኖራቸው ግን ትጠራጠራላችሁ፤ የማን ልጆች ናችሁ ብላችሁም ትጠይቃላችሁ።

የሌለው አይመሰክርም። ይህን ሁለት ጊዜ ልበለው፤ የሌለው አይመሰክርም። የሚመሰክረው አዲስ የተፈጠረው ነው።

ይህን የተማርኩት በውርደት ነው። ተማሪ ሳለሁ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ጅረት፣ ከቄጠማ ሥር በወንፊት ጥቂት ጥቃቅን ጢማም ዓሦች ቀዳሁ። ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ነበሩ። አጥራሁ፣ ቀለም ነከርኩ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎነበስኩ። የጎኑ ክንፍ እሾህ እንደ መጋዝ ያለ ጥርስ አልነበረውም፤ የራስ ቅሉ ጣራ መሃል ላይ ክፍት ነበር፤ ከሁሉ በላይ አምባዛ ከስንጥቡ በላይ ባለው ጓዳ ውስጥ አየር የሚተነፍስበት ዛፍ መሰል አካል አልነበረም። አምባዛ ጭቃ ውስጥ የሚቆየው፣ ከውሃ ወጥቶም ቶሎ የማይሞተው በዚያ አካል ነው፤ ከሁለተኛውና ከአራተኛው የስንጥብ ቅስት ላይ እንደ ቅርንጫፍ ይበቅላል። በእኔ ዓሣ ላይ የለም! ሌሊቱን አልተኛሁም። ስም እስከማውጣት ደረስኩ፤ ስሙን ግን አልነግራችሁም፤ አፍራለሁ።

በማግስቱ ጠርሙሱን ይዤ ወደ መምህሬ ሄድኩ። ዘለግ ያለ ዝርዝር ጽፌ ነበር፤ ይህ የለውም፣ ያ የለውም፣ ይህም የለውም። መምህሬ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፣ «ልጄ፣ የሌለውን ቆጠርክልኝ፤ ያለውን ንገረኝ» አሉ። ዝም አልኩ። ያለው ምን ነበር? ረጅም የጀርባ ክንፍ፣ ረጅም የፊንጢጣ ክንፍ፣ አራት ጥንድ ጢም፤ አምባዛ ያለው ሁሉ። «ሆዱን ከፍተህ አየህ ወይ?» ሲሉ ጨመሩ። አላየሁም። ሌላውን ናሙና አምጥተን ስንከፍተው የእንቁላል ምልክት የለ፣ የጎልማሳነት ምልክት የለ። ጫጩት ነበር። አምባዛ ሲፈለፈል ያ የመተንፈሻ ዛፍ የለውም፤ እያደገ ሲሄድ ነው የሚያበቅለው። የራስ ቅሉም የሚዘጋው፣ እሾሁም መጋዝ የሚያወጣው በኋላ ነው። እኔ አዲስ ወገን ያልኩት ከሜትር በላይ ሊያድግ የሚችል ዓሣ ልጅ ነበር።

ስለዚህ ድንክ ዓሣ ሲገኝ የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነው፤ አድጓል ወይስ አላደገም? መልሱ ያለው በሆዱ ውስጥ ነው። የበሰለ እንቁላል የተሸከመች 15 ሚሊ ሜትር ዓሣ ካገኛችሁ ጫጩት ናት የሚላችሁ የለም።

አሁን በትክክል የተሠራውን ላሳያችሁ። በ1976 ቤይሊና ባስኪን የተባሉ ሊቃውንት ከቦሊቪያ የአማዞን ተፋሰስ የተገኘ አንድ ዓሣ ስኮሎፕላክስ ዲክራ ብለው ሰየሙ። ቢያድግ ቢያድግ ሁለት ሳንቲ ሜትር ግድም ነው። እነዚህ ሰዎች ምን አሉ? ይህ የለውም፣ ያ የለውም ብለው አልጀመሩም። አፍንጫው ጫፍ ላይ፣ ልክ መሃሉ ላይ፣ ወደ ኋላ በታጠፉ ጥቃቅን ጥርሶች የተሞላ አንድ ሳህን መሰል አጥንት አሳዩ። ጥርስ በአፍ ውስጥ ሳይሆን በአፍንጫ ላይ! እነዚህ ከቆዳ ላይ የሚበቅሉ ጥርሶች ውስጣቸው እንደ እውነተኛ ጥርስ ነው፤ ጎኑም ላይ እንደዚሁ ጥርስ የተሸከሙ ሰሌዳዎች ተሰልፈዋል። በቆዳ ላይ ጥርስ መኖሩ ከደቡብ አሜሪካ ጥሩር ለባሽ ጢማም ዓሦች ጋር ያዛምደዋል፤ የአፍንጫው ሳህን ግን የእሱ ብቻ ነው። ያ ስድስተኛው ጣት ነው። ማስረጃው ጠንካራ ስለነበር ወገን ብቻ ሳይሆን ለብቻው ቤተሰብ፣ ማለትም ከወገን በላይ ያለ ሰፋ ያለ ክፍል ሆነ፤ ከዚያ ወዲህም በዚያው ወገን ሌሎች ዝርያዎች ተገኝተው ያንኑ ሳህን ተሸክመው ታይተዋል።

ሌላ ምሳሌ። ዓይነ ሥውር ጢማም ዓሦችን ውሰዱ። በ1905 ጌልዲ በአማዞን አፍ አካባቢ ከጉድጓድ ውሃ የተገኘውን ፍሬአቶቢየስን ሰየመ፤ በ1923 ጃንፌራሪ የተባለች ሊቅ ከጎረቤታችን ከሶማሊያ ከርሰ ምድር ውሃ ኡዌጂትግላኒስን ሰየመች፤ በ1950 ሜኖን በሕንድ ኬረላ ከጉድጓድ የወጣውን ሆራግላኒስን ሰየመ፤ በ1996 ፍሪልና ለንድበርግ ከታችኛው አማዞን ጥልቅ ወንዝ ውስጥ ማይክሮማይዞንን አወጡ። የአራቱም ዓይን ጠፍቷል ወይም እጅግ ደቅቋል። በዓይን እጦት ብንሰበስባቸው አንድ ወገን በሆኑ ነበር! አጥንታቸው ግን ሌላ ይላል። የሶማሊያውና የሕንዱ የአምባዛ ቤተሰብ ናቸው፤ ማይክሮማይዞን ባንጆ ጢማም ዓሦች ከሚባሉት የደቡብ አሜሪካ ቤተሰብ ነው፤ ፍሬአቶቢየስ የየት ቤተሰብ እንደሆነ ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። ግላኒስ በግሪክ ጢማም ዓሣ ማለት ስለሆነ በስሞቹ መጨረሻ ላይ ደጋግማችሁ ትሰሙታላችሁ።

ከእነዚህ ሁሉ ልቤን የሚነካው ግን የኬረላው ነገር ነው። እዚያ ሰው ከቤቱ ጉድጓድ ውሃ ሲቀዳ ባልዲው ውስጥ እንደ ቀይ ትል የሚንቀሳቀስ ነገር ያያል። ገበሬውና የቤት እመቤቲቱ አይተው ባይናገሩ ኖሮ ሊቃውንቱ ከየት ያገኙት ነበር? በ2023 የተሰየመው አንዱ የሆራግላኒስ ዝርያ ፖፑሊ ተብሏል፤ የሕዝብ ማለት ነው፤ ሕዝቡ ስላገዘ። በዚያው አገር በ2011 ክሪፕቶግላኒስ የተባለ ሌላ ትንሽ የከርሰ ምድር ዓሣ ተሰየመ። የመጀመሪያው ገለጻ በአብዛኛው በውጫዊ መልኩ ላይ የቆመ ነበር፤ በ2014 ግን ሁለት ቡድኖች እየብቻቸው አጥንቱን መረመሩ። የጀርባ ክንፍ የለውም፤ ይህ የሚመሰክረው ትንሽ ነው። የታችኛው መንጋጋው ግን ወደ ፊት ወጥቶ እንደ ቡልዶግ ሆኗል፤ የራስ ቅሉም ከየትኛውም ቤተሰብ ጋር አልገጥም አለ። አንደኛው ቡድን አዲስ ቤተሰብ ሰየመለት። ሰዎች ዓሣውን በእጃቸው ከያዙ በኋላ እንኳ ምን እንደያዙ የነገራቸው አጥንቱ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ተማሪ በልቡ ዲኤንኤ እያለ አጥንት መቁጠር ለምን አስፈለገ እያለ እንደሆነ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በ2005 በሜክሲኮ ከላካንቱን ወንዝ ላካንቱኒያ የተባለ ዓሣ ተሰየመ። ይህኛው ድንክ አይደለም፤ ነገር ግን ታሪኩ ለእኛ ቅርብ ነው። አጥንቱን ያዩ ሊቃውንት በስንጥቡ ላይ የመጥረቢያ ቅርጽ ያለው ጉጥና ሌሎች የትም ያልታዩ ነገሮችን ቆጥረው አዲስ ወገንና አዲስ ቤተሰብ ነው አሉ፤ የማን ዘመድ እንደሆነ ግን መናገር አልቻሉም። በ2007 ዲኤንኤው ሲታይ የቅርብ ዘመዶቹ በአሜሪካ ሳይሆን በአፍሪካ ተገኙ፤ ክላሮቲዶች የሚባሉት የጢማም ዓሣ ቤተሰብ። ወንድሞቼ፣ ግልገል ጊቤ ወደ ጊቤ፣ ጊቤ ወደ ኦሞ፣ ኦሞ ወደ ቱርካና ይወርዳል፤ በቱርካና ሐይቅ ውስጥ ክላሮቲዶች አሉ። የሜክሲኮው እንግዳ ዓሣ ዘመዶች እኛ ልብስ የምናጥብበት ውሃ በሚደርስበት ሐይቅ ይዋኛሉ። ዲኤንኤው ዘመዱን ነገረን፤ የተለየ መሆኑን ግን ቀድሞ የነገረን አጥንቱ ነው። ደግሞም ከመቶ ዓመት በላይ ፎርማሊንና አልኮል ውስጥ የቆየ ናሙና ዲኤንኤው ተጎሳቁሎ ይገኛል፤ አጥንቱ ግን አለ።

በእኛ አገርስ? አለ። በ1904 ቡለንጀር የተባለው የለንደን ሊቅ ከሞጆ ወንዝ የተገኘን አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጢማም ዓሣ ኪሎግላኒስ ሞጀንሲስ ብሎ በወንዙ ሰየመው። ከንፈሩና ጢሙ ተጋጥመው እንደ ጽዋ ሆነዋል፤ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ጎርፉን ይችላል። ይኸው ሰው በ1902 ከጣና አካባቢ ሌላ ቀጭን ትንሽ ዓሣ ገልጿል፤ ጢማም ዓሣ ሳይሆን ሎች የሚባለው ነው። በእስያ ወገን ውስጥ አስገብቶት ነበር። በ2009 አፍሮኔማኬይሉስ የተባለ የራሱ ወገን ተሰጠው፤ በ2013 ደግሞ ከኦሞ ቱርካና ተፋሰስ ሁለተኛ ዝርያው ተገኝቶ ካፋ ተባለ። ካፋ! ከዚህ ስንት ሰዓት መንገድ ነው?

ስለ ስም አወጣጡ ሕግ በአጭሩ ልለፈው። ከ1930 በኋላ የወጣ የወገን ስም እንዲጸና ልዩነቱ በቃላት ተገልጾ መታተም አለበት፤ የወገኑ መሠረት የሚሆን አንድ ዝርያ ተለይቶ መጠራት አለበት፤ ስሙ ለሌላ እንስሳ ወገን አስቀድሞ የተሰጠ መሆን የለበትም። መመሳከሪያው ናሙናም ማንም ሰው ሄዶ ሊያየው በሚችልበት ሙዚየም መቀመጥ አለበት ቢባል ደስ ይለኛል። አራት ኪሎ በዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሙዚየም አለ፤ ተማሪዎች ሄዳችሁ እዩት።

አስጋሪዎች፣ ገበሬዎች፣ ጉድጓድ ቆፋሪዎች፤ አንድ ልመና አለኝ። ከድንጋይ ሥር፣ ከምንጭ ዓይን፣ ከጉድጓድ ባልዲ የማታውቁት ትንሽ ዓሣ ከወጣ አትጣሉት። ፎርማሊን አያስፈልጋችሁም፤ በፋርማሲ የሚሸጠው አልኮል ይበቃል። ጠርሙስ ውስጥ አስገቡና ቦታውን፣ ቀኑን፣ ውሃው የሚፈስ ወይም የቆመ መሆኑን በእርሳስ ጽፋችሁ ወረቀቱን ከውስጥ ክተቱት። በእስክሪብቶ አይሁን፤ አልኮሉ ያጠፋዋል። አንድ ብቻ አትያዙ፤ ቢቻል ትልቁንም ትንሹንም ያዙ። ለምን ትልቁንም እንዳልኩ አሁን ይገባችኋል።

በሉ፣ ጠርሙሷ ትዙር። ከቀኝ በኩል ጀምሩ፤ ክዳኑን አትክፈቱ። ከመብራቱ ፊት አድርጋችሁ ስታዩዋት አጥንቷ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ቀለሙ ከዓመታት በኋላም አልለቀቀም። ከስንጥቡ በላይ ያለውን ባዶ ጓዳ ፈልጉት። ወረቀቷ ላይ በእኔ የተማሪነት ጽሕፈት «አዲስ ወገን» የሚል አለ፤ ከሥሩ በሌላ እጅ «የአምባዛ ልጅ» ተብሎ ተጽፏል። ሁለተኛው የመምህሬ ጽሕፈት ነው። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ እኔ ቁጭ ልበል።